ነፋስ ጭነን ከእስቴ፣ ሰው ጭነን ስማዳ

«አንቺም ትሄጃለሽ!»

አባቴ ይህን ሲለኝ ከወገቡ በላይ መኪናዋ ሥር ገብቶ፣ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነበር። ጎንበስ ብዬ «ማን? እኔ?» አልኩት። «አንቺ ነሻ! አባባን መንገድ ላይ ማን ይይዝልኛል?» አለኝ። ይዤው የነበረውን መፍቻ ጥዬ ወደ እናቴ ሮጥኩ። መፍቻው ያረፈው አባቴ እግር ላይ መሆኑን ያወቅሁት ማታ ሲያነክስ አይቼ ስጠይቀው ነው። አልተቆጣኝም። «ደስታሽ ከባድ ነው፣ ትርንጎ» ብቻ አለኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከአያቴ ልጀምር። እኛ ቤት አባባ እንላቸዋለን፤ የእስቴ ሰው የኔታ ይላቸዋል። የተወለዱት ስማዳ ነው። ጋይንት ቤተልሔም ድጓ ተምረው፣ እኛ አገር መጥተው ሲያስተምሩ እዚሁ አረጁ። ከጥቂት ዓመት በፊት በቅሎ ጥላቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሰራቸው፣ ዳኑም፤ በቅሎ ላይ መቀመጥ ግን ቀረ። ስማዳ እኮ ጎረቤታችን ነው፤ ደህና እግር ያለው ሰው መንገድ ላይ አድሮ በማግስቱ ይገባል። ለአባባ ግን ኢየሩሳሌም ሆነባቸው።

ክረምቱ እንደወጣ ታናሽ እህታቸው እማሆይ በነጋዴዎች አፍ ላኩባቸው። «ዘንድሮ ለአስተርእዮ ማርያም ና። ከዚህ በኋላ የምቆይ አይመስለኝም። ክርስትና በተነሣንባት ደብር ቆመህ ስታዜም አንድ ጊዜ ልስማህ» የሚል ነው መልእክቱ። አባባ መልእክቱን አስደግመው ሰሙት። ማታ ግን እራት አልበሉም።

አባቴ ሾፌር ነው። ዕድሜውን የነጋዴ ጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ከጦር ሠፈር አርጅታ የተጣለች ጂፕ አግኝቶ ጠጋግኖ አስነሥቷታል። ችግሩ ከእኛ ወደ ስማዳ የሚያቋርጥ የመኪና መንገድ የለም። ወደ ደብረ ታቦር ወጥቶ፣ ጉናን ዞሮ፣ ጋይንትን ከላይ እስከ ታች አቋርጦ መውረድ ነው። የአጥር ጎረቤት ቤት ለመግባት መንደሩን በሙሉ እንደ መዞር ማለት ነው። መንገዱም የጣልያን ጊዜ ድንጋይ ነው። ጂፗ ደግሞ በደህናው ሜዳ እንኳ ጥርስ ታንገጫግጫለች። «አባባን በዚች ከምወስዳቸው በወንፊት ብነፋቸው ይሻላል» አለ አባቴ።

አዲስ ዕቃ የምንገዛበት አቅም ስላልነበረን ያለውን ፍለጋ ወጣ። ከከተማችን በታች ሸለቆ ውስጥ በጣልያን ጊዜ ተቃጥሎ የቀረ ትልቅ የጭነት መኪና አለ። ልጆች ሆነን ዕቃ ዕቃ እንጫወትበት ነበር። አባቴ ከእሱ ባሌስትራውን ፈታ። ባሌስትራ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ከመኪና ሆድ ሥር እንደ ቀስት ጎብጦ በላይ በላዩ የታሰረ ብረት ነው። መንገዱ ሲመታ እሱ እየተለጠጠ የመኪናዋን ገላ ያድናል። ቀጥቃጩ ብረቱን ሲያይ ማረሻ ሊያወጣበት መስሎት ዓይኑ በራ፤ ለመኪና ነው ሲባል አኮረፈ። ቢሆንም በልኩ ቆረጠልን። በኛ ቀጭን ባሌስትራ ላይ ያ ወፍራም ብረት ሲታከል ጂፗ ብድግ አለች፤ ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገች ሙሽራ መሰለች።

ቀጥሎ ጎማው መጣ። እሱም የተጣለ ነው፤ ግን ጥርሱ የበሬ ጥርስ ያህላል። ሰፊ ስለሆነ ከላዩ ያለውን ቆርቆሮ ይፍቅ ነበርና ቆርቆሮውን በመጋዝ በላነው። በላነው ያልኩት መጋዙን በወዲያ በኩል የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። በመጨረሻ አባቴ የኋላውን ወንበር ነቅሎ፣ ካሮጌ አልጋችን ሁለት ረጃጅም እንጨት ወሰደ። በመካከላቸው ጠፍር ወጠረና እንደ ሕፃን ማዘያ ከመኪናዋ የብረት ጎድን ጋር አንጠለጠለው። የአባባ መቀመጫ ይህ ሆነ። ከሥሩ ለዳሌያቸው እንዲለዝብ በግማሽ የተነፋ ከመነዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ አስገባንበት።

«አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረ» አለ አባቴ ግንባሩን እየጠረገ። «ሰው አልጭንም። አባባና አንቺ፣ በቃ። ቀላል ስትሆን ነው የምትመቻቸው።»

ሁላችን አመንነው። ማን ይጠራጠራል?

ረቡዕ

ፀሐይ ሳትሞቅ ተነሣን። እናቴ በሶና ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝና «እጃቸውን እንዳትለቂ» አለች። አባባ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ታቅፈው ጠፍሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ትንሽ እየተወዛወዙ «ደመቀ፣ ይቺ መኪና ሳትሆን እናት ናት!» አሉት አባቴን። አባቴ በደስታ ጥሩምባውን ነፋ። የሠፈሩ ውሻ ሁሉ ተከተለን።

ደስታው እስከ መጀመሪያው ወንዝ ነው የቆየው። ድንጋይ ላይ ስንወጣ ጂፗ እንደ ፍየል ግልገል ዘለለች። እውነቴን ነው፣ ዘለለች። እኔ በአናቴ ከላይኛው ብረት ተጋጨሁ፤ ቆሎው በሙሉ ተበተነ። አባባ ወደ ላይ ሄደው ወደ ታች ሲመለሱ «እ!» አሉ። አባቴ ቀስ አለ። ቀስ ስንልም ትዘላለች። ቶሎ ስንልም ትዘላለች።

አባባ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃላቸው እያደረሱ ነበር። ቶሎ አንድ ነገር ተማርኩ፦ ሕመማቸውን የምትናገረው ዝምታቸው ናት። ዜማው ይፈስሳል፣ ይፈስሳል፣ ጉድጓድ ሲመጣ ቀጥ ይላል። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ካቋረጡበት ቃል ይቀጥላሉ። ከቀትር በኋላ ዝምታው ከዜማው በለጠ።

በእኛ አገር መኪና ያየ እግረኛ እጁን ያነሣል፤ ቦታ ያለው ሾፌርም ይቆማል። ሌላ ጊዜ አባቴ ሲያልፍ አይቼው አላውቅም። ያን ቀን ግን ስንቱን አለፍነው! ደብረ ታቦር ልንደርስ ስንል አንዲት ሴት የጤፍ ጆንያዋን መሬት አስቀምጣ በሁለት እጇ እንድንቆም አመለከተችን።

«ቁምላት እንጂ፣ ደመቀ» አሉ አባባ።

«ለእርስዎ ብዬ ነው፣ አባቴ» አለና አለፋት።

ከኋላችን ድምፅዋ ተከተለን። «አንተ ሾፌር! ነፋስ ጭነህ የት ልትደርስ ነው?»

አፈርኩ። አባቴም አፍሯል፤ አንገቱ ከኋላ ሲቀላ አየሁት። በጆሮዬ ግን ያቺ ቃል እስከ ማታ አልጠፋችም።

ደብረ ታቦር ከኛ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ስንት እጅ ትበልጣለች! የቆርቆሮ ክዳኑ ብዛት ፀሐይ ሲያርፍበት ሐይቅ ይመስላል። ግን ብዙም አላየሁት። አባቴ የሚያውቃቸው ሰዎች ቤት አባባን ስናወርዳቸው ዳሌያቸው አብጦ ነበር። ሽሮና እንጀራ ቀርቦልን አባባ ሁለት ጊዜ ጎርሰው ተዉት።

«እንመለስ፣ አባቴ» አለ አባቴ። «ከፊታችን ያለው መንገድ ከዚህ ይብሳል።»

አባባ ግድግዳውን ይዘው ቆመው ነበር። «እስከ ጋይንት ልየው» አሉ።

ሐሙስ

አባቴ ጠዋት ከጎማዎቹ ትንሽ ትንሽ አየር አስተነፈሰ። «ሆዱ ሲለዝብ ድንጋዩን ያቅፈዋል» አለኝ። እውነትም ጠጠሩ ላይ ተሻለ፤ የጥርስ መንገጫገጩ ቀረ። ጉድጓድ ሲመጣ ግን ያው ግልገል ናት።

ስለ ጉና ልንገራችሁ። ከእኛ ቤት ደጅ ሆናችሁ ስታዩት ጉና ሰማያዊ ጉብታ ነው፤ እናቴ «ጉና ጭጋግ ለበሰ» ስትል ልብስ እናስገባለን፣ በቃ። እኔ ተራራ ማለት እሱ መስሎኝ ኖሬያለሁ። ትከሻው ላይ ስትወጡ ግን ተራራ አይደለም፤ ሌላ አገር ነው። ዛፍ የለም። ሣሩ ወርቅማ ነው። በመካከሉ ጅብራ የሚሉት ተክል እንደ ካህን ቀጥ ብሎ፣ ራሱን ጠምጥሞ፣ በረድፍ ቆሟል። ጭጋጉ በመካከላቸው ሲያልፍ የሚንቀሳቀሱ መሰለኝ። ነፋሱ ያፏጫል እንጂ ሌላ ድምፅ የለም። አባቴ ሞተሩን አጠፋ።  አባባ ጥምጥማቸውን ከፍ አድርገው «ማኅሌት የቆሙ ይመስላሉ» አሉ ቀስ ብለው። ብርዱ ጣቶቼን የሌላ ሰው አስመሰላቸው፤ አፌን ከፍቼ ስመለከት ጥርሴ ሁሉ ቀዘቀዘ።

ከጉና ወዲያ ያለው አገር የገብስ ነው። የእኛ ሜዳ በዚህ ወር ነጭ የጤፍ ገለባ ሲሆን፣ የእነሱ ዳገት ላይ የገብስ ክምር ቤት ቤት እያከለ ተደርድሯል። ንፋስ መውጫ የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ወይዘሮ አስካለ የምትባል መበለት ቤት አረፍን። የማታውቀን ሴት ናት፤ አባቴ የሚያድርበት ሲጠይቅ «ሽማግሌ ይዘህማ ከደጄ አታልፍም» ብላ አስገባችን። ትኩስ የገብስ ቂጣ በቅቤ ለውሳ አበላችን። የኛ ቂጣ ስስ ነው፤ የእነሱ እንደ ትራስ ወፍራም ነው፣ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። እኔ ብቻዬን ጨረስኩት።

አባባን ቅቤ አሙቃ ዳሌያቸውን ስታሻቸው አልጋው ላይ ሆነው ጣሪያውን ያያሉ።

«የኔታ፣ በዚህ ገላ ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለቻቸው።

«እህት አለችኝ፣ ልጄ።»

አስካለ ቅቤውን ጨምራ ማሸቷን ቀጠለች። ጠዋት ስንወጣ የራሷን የሱፍ ባና አጥፋ ጠፍሩ ላይ ዘረጋችው። አባቴ «ኧረ አይሆንም!» ቢላት «ሲመለሱ ታመጣልኛለህ» አለችው። ሲመለሱ ብላ ቆርጣ ስትናገር ደስ አለኝ፤ ከእኛ ይልቅ እሷ ያመነች መሰለኝ።

ዓርብ

ከላይ ጋይንት ወደ ታች ጋይንት ስትወርዱ መሬቱ ያልቃል። ሌላ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ስትሄዱ ስትሄዱ ሜዳው ይቆረጥና ከእግራችሁ በታች ገደል፣ ከገደሉ በታች አምባ፣ ከአምባው በታች ደግሞ ሌላ ገደል። አሞራ ከታችን ይበርራል። ጀርባውን አየሁት! የአሞራ ጀርባ ቡናማ መሆኑን እስከ ዛሬ ከሥር ብቻ ሳየው ኖሬ አላውቅም ነበር። በወዲያ ማዶ ተራራ በተራራ ላይ እየደበዘዘ ይሄዳል። «ያ ወሎ ነው» አለኝ አባቴ። አባባ ግን ወደ ሌላ በኩል በመቋሚያቸው አመለከቱ። «በዚያ ቤተልሔም። ቁራሽ ለምኜ ድጓ የተማርኩበት።» እኔም ያየሁ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ከእኔ በሁለት ዓመት የሚያንሱ ልጅ ሆነው በዚህ ገደል በእግራቸው ወርደው ወጥተዋል። እኔ በመኪና እጄን ብረት ላይ አጣብቄ ነው።

ቁልቁለቱ አባባን ጨረሳቸው። ዓርብ ገበያ ከተማ መግቢያ ላይ መንገዱን የሚያቋርጥ የውኃ ቦይ አለ። ጂፗ ዘለለች፤ አባባ «ወይኔ እናቴ!» አሉ። አያቴ እንደዚያ ሲሉ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እጄን ጨበጡት፤ የጥፍራቸው ምልክት ለሁለት ቀን አልጠፋም።

ገበያው ደርቷል። ሽምብራና ባቄላ በክምር፣ አህያ በአህያ ላይ፣ ሰው በሰው ላይ። የእስቴ ገበያ በዚህ ላይ ቢቀመጥ አይታይም። ወይራ ጥላ ሥር አባባን ከነጠፍራቸው አወረድናቸው። አንዲት ምግብ ሻጭ ሴት የሽምብራ ዓሣ በእንጀራ አቀረበችልን። አባቴ አልበላም። መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ አባባን ሳያይ ተናገረ።

«ነገ እንመለሳለን፣ አባቴ። እርስዎን ገድዬ እማሆይ ዘንድ አልደርስም።»

አባባ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ዓይናቸው ወደ ስማዳ በኩል ነበር። «እሺ» አሉ። ያቺን እሺ ባልሰማኋት ይሻል ነበር።

በዚህ መካከል አንድ ቄስ ሰውን እየጠየቁ ወደ እኛ መጡ። ከኋላቸው የሚያነክስ አህያ ይጎትታሉ።

«እንዴት ዋላችሁ! ይቺ መኪና ወደ ስማዳ ናት አሉኝ። እኔ የማርያም ቄሰ ገበዝ ነኝ። የኛን እህል ዘንድሮ በረዶ መታው፤ ለንግሡ ዝክር ስንዴ ገዝቼ አህያዬ ከዳኝ። ብትጭኑልኝ…»

አባቴ አንገቱን ደፋ። «ወደዚያ ነበርን። ተመለስን።»

አባባ ግን ቀና አሉ። «የትኛዋ ማርያም?» ቄሱ የደብሯን ስም ሲጠሩ አባባ ጠጋ በል አሏቸው። «የማን ልጅ ነህ?»

«የቄስ ወርቄ።»

«ወርቄ! ያ ድምፀ ጎርናና! ቅኝት ሲሳሳት ሁላችንንም ይዞን የሚሳሳት!»

ቄሰ ገበዙ ጮኹ። «የኔታ አንቱ ነዎት? እማሆይ በየቀኑ ደጃፍ ወጥተው መንገድ የሚያዩልዎት?»

 አባባ ወደ አባቴ ዞሩ። «ደመቀ። ስንዴውን ጫን።»

«እርስዎስ?»

«እኔ እዚሁ የሚያስተናግደኝ ቤት እቆይሃለሁ። ነገ አድርሰህ ተመለስ። እኔ ባልደርስ ማርያም ትነግሣለች። ስንዴው ካልደረሰ ግን የመጣው ሰው ጦሙን ይመለሳል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለእህቴ ደግሞ… እስከ ዓርብ ገበያ መጥቶ ነበር በላት።»

እኔ ፊቴን ወደ ወይራው አዞርኩ።

ስንዴው ተጫነ፤ ጆንያ በጆንያ። የደብሩ ሰዎች ከገበያ የሸመቱትን ጨምረው እነሱም ወጡ። እትዬ ዘርፌ የምትባል ሰፊ ሴት ደግሞ ሁለት ዶሮ ይዛ ስትወጣ መኪናዋ ሲጢጥ አለች፤ ሰዉ ሳቀ። «ሳቁ! ሳቁ!» አለች። «ስትገፉ ታለቅሳላችሁ።» ሁሉም የሚያድሩት ከከተማው መግቢያ ባለ አንድ ቤት ነው፤ አባባም የሚቀሩት እዚያው ነው። ስለዚህ አባባን በሰውና በጆንያ መካከል መልሰን ሰቀልናቸውና ቀስ ብለን ተነሣን።

መግቢያው ላይ ያ ቦይ አለ። አባባን «ወይኔ እናቴ» ያሰኛቸው።

እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። የፊት ጎማው ወረደ። አሁን፣ አሁን ስል ጠበቅሁ። ጂፗ እንደምታጎነብስ ላም ረጋ ብላ ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች። በቃ።

ዓይኔን ስገልጥ አባባ ያዩኛል።

«አለፍነው?» አሉኝ።

«አለፍነው፣ አባባ።»

«ደመቀ! ቁም! ተመለስና እንደገና እለፍበት!»

አባቴ ግራ ገባው፤ ግን አባቱ ናቸው። ወደ ኋላ ተመለሰ፣ አለፈ። ጎንበስ፣ ቀና። «አንድ ጊዜ ደግሞ!» አሉ አባባ። አለፈ። ገበያተኛው ሥራ ፈትቶ ቆመልን። «ምን ጠፋባት ይቺ መኪና?» ይላል አንዱ። «ቦዩን ልታርሰው ነው መሰል!» ትላለች ሌላይቱ። እትዬ ዘርፌ ዶሮዎቿን አቅፋ «ሾፌር፣ ሰክረሃል ወይስ እኛን ልታሰክረን ነው?» አለች። አባባ ግን በሳቅ እንባቸው ፈሰሰ። ጥምጥማቸው ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ወርዷል። «አላመመኝም! ልጆች፣ አላመመኝም!»

አባቴ ወርዶ መኪናዋ ሥር ገባ። እንደዚያን ቀን የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ብረቱን በእጁ ሲመታ ተሰማ። ከዚያ ሳቁ ከመሬት ውስጥ መጣ።

«ባዶዋን ቀስት ሆኖ አልታዘዝ ያለው ብረት አሁን ተዘርግቷል! ጀርባው ላይ ሰው ሲያገኝ ለዘበ!» እየተንፏቀቀ ወጣ፤ ፊቱ አፈር ብቻ ነው። «የጭነት መኪና ባሌስትራ ሰጥቼ ጭነት ከለከልኳት! ለእርስዎ ብዬ፣ አባቴ፣ ለእርስዎ ብዬ ያን ሁሉ መንገደኛ አልፌ!»

ያቺ የጤፏ ሴት ትዝ አለችኝ። ነፋስ ጭነን ነበር፣ እውነቷን ነው። ነፋስ ደግሞ ለባሌስትራ ምንም አይመዝንም።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ስንነሣ ሰው በልመና ተጫነ። ለማኞቹ እኛ ነን! አባባ ከጠፍራቸው ሆነው አዛዥ ሆኑ። «እትዬ ዘርፌ፣ በቀኝ በኩል ሁኚልኝ፤ ሕመሙ በዚያ ነው።» እሷም ተመቻችታ ስትቀመጥ «እስከ ዛሬ ይህን ገላ ሰው ሁሉ ሲተርበው ኖሮ፣ ይኸው ፈላጊ አገኘ!» አለች። አንድ ገበሬ መንገድ ላይ ወርዶ ወደ መንደሩ ሲታጠፍ አባባ «ደመቀ፣ ጎደልን! ተካ!» ይላሉ። አባቴም ይቆማል፤ እጁን ያላነሣውን እግረኛ ሁሉ «ኧረ ግቡ! ኧረ በማርያም ግቡ!» ይላል። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ እኔ እኮ እዚያ ጉብታ ጋ ነው ቤቴ» ቢሉት «እስከ ጉብታው ይመዝኑልን» አላቸው።

አባባ ከመስመር ሳይወጡ፣ ሳያቋርጡ ያዜማሉ። ዝምታ የለም። ቄሰ ገበዙ ይቀበሏቸዋል፤ የአባታቸውን ጎርናና ድምፅ ወርሰዋል፣ ስሕተቱንም ጭምር መሰለኝ፣ አባባ ሁለት ጊዜ ስቀው አቁመዋልና። ከዳር ገደሉ፣ ከላይ ሰማዩ፣ በመካከል እኛ በዶሮ፣ በስንዴና በዜማ ተጨናንቀን ስንወርድ፣ ፍርሃት የሚባል ነገር ቦታ አጥቶ ከመኪናዋ የወረደ መሰለኝ።

ዳገት ሲሆን ሸክሙ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ከአባባ በቀር ሁሉም ይወርድና ይገፋል። ድንጋይ ከጎማ ሥር የሚያስገባው ያስገባል፣ እትዬ ዘርፌ በትከሻዋ ትደግፋለች፣ እኔ ዶሮ እይዛለሁ። ጥርሳሙ ጎማ መሬቱን ነክሶ ይወጣል። ከላይ ስንደርስ መልሰን እንጫናለን።

ወገዳ ስንገባ ቀትር አልፏል። የስማዳ ዋና ከተማ ነው ሲባል ስንት ነገር ጠብቄ ነበር፤ ከእኛ ከተማ ያንሳል። ገበሬው ግን በሙሉ አባባን የሚያውቅ ይመስል «እንኳን ለአገርዎ አበቃዎት» እያለ ጉልበታቸውን ይስማል። ከወገዳ ወዲያ ግን መንገድ የለም። ወደ ደብሯ የሚወስደው የእግር መንገድ ነው፤ አንዱ ጎን ድንጋይ፣ አንዱ ጎን ማሳ።

አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደገፈ። እኔ ልቤ ወረደ። እዚህ ድረስ መጥተን?

«ምን ታያላችሁ?» አለች እትዬ ዘርፌ። ቤቷ ካለፍነው መንደር ነበር፤ ክብደት እንዳይጎድል ብላ ሳትወርድ የቀረች ናት። «ወንዶች የላችሁም? ጠፍሩን ፍቱት እንጂ!»

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከአልጋችን የወሰድናቸው ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ለትከሻ የተሠሩ ይመስሉ ነበር። ፈቱት። ከዓርብ ገበያ ጀምሮ ተሸክመን ያመጣናቸው ሰዎች አራት አራት እየሆኑ፣ እየተቀባበሉ አባባን ተሸከሟቸው። የአስካለ ባና ከሥራቸው፣ መቋሚያቸው ጭናቸው ላይ። አንዱ ሲደክመው «ተካ!» ይላል እንደ አባባ፤ ሁሉም ይስቃል። የሚረግጡት እግር ስምንት ነው፤ ጠፍሩ ግን እንኳን ሊዘል ውኃ ቢቀመጥበት አይፈስስም። አባቴ ከጎን ከጎን እየሄደ የተሸካሚዎቹን ጉልበት ሲለጠጥና ሲመለስ ያያል። «ከዚህ የተሻለ ባሌስትራ ማን ሠራ?» አለኝ።

ደብሯ ጉብታ ላይ ጥድ በጥድ ተከብባ ቆማለች። ከደጀ ሰላሙ አጠገብ እንደ ወፍ የቀጠኑ አንዲት መነኩሲት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መንገድ ያያሉ። አባባ አውርዱኝ አሉ። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ እኔን በሌላው እጅ ይዘው ቆሙ።

እማሆይ ቀረብ ብለው የአባባን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ።  ከዚያ «በቅሎ አትችልም አሉኝ። በምን መጣህ?» አሏቸው።

አባባ ወደ ኋላ ዞረው አዩ። ቄሰ ገበዙን፣ እትዬ ዘርፌን ከነዶሮዋ፣ ላብ ያጠመቃቸውን ገበሬዎች፣ አባቴን አዩ።

«በሰው» አሉ።

እሑድ

ስለ ንግሡ ብዙ ልጽፍ ፈልጌ ነበር፤ ግን ያን ቀን ሳለቅስ ስለዋልኩ ጥርት ብሎ አልታየኝም። አንድ ነገር ብቻ። ታቦቷ ወጥታ ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ሲሰለፉ አባባ በመካከላቸው ነበሩ፤ አባቴ ሊደግፋቸው ሲጠጋ በመቋሚያቸው ገፋ አደረጉት። ቆሙ። አዜሙ። እማሆይ ከሴቶቹ በኩል ጆሯቸውን ወደ ወንድማቸው አዘንብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ሕፃን ፈገግ ብለው ነበር። ዝክሩ ከዚያ ስንዴ የተጋገረ ዳቦ ነው። ከእናቴ ዳቦ አይበልጥም፤ ግን እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም።

ስንመለስ መንገዱ ሁሉ ያው ነበር፤ መኪናዋ ሞልታ እየወጣች፣ እየወረደች፣ እየተካች። የአስካለን ባና መለስንላት። ደብረ ታቦር መውጫ ላይ ያቺን የጤፍ ሴት በዓይኔ ፈለግኋት፤ አላገኘኋትም። ይህን ብታነቢው፣ እመቤቴ፣ ቦታሽ ተይዞልሻል።

ልንለያይ ስንል እማሆይ እጄን ይዘው ትእዛዝ ሰጡኝ። «ልጄ፣ መጻፍ ትችያለሽ አሉኝ። እንግዲያው ለእስቴ ሰው ጻፊልኝ። ለከርሞም ማርያም ትነግሣለች፣ እኔም ቆይቼ ወንድሜን እሰማለሁ ብዬ አስቤያለሁ። እሱ ግን ብቻውን መምጣት እንደማይችል አይተሻል። ስለዚህ ኑ በያቸው። ቤቱም ዳቦውም ይበቃል።»

ይኸው ነገርኳችሁ። ቀጭኑም ወፍራሙም፣ ዶሮ ያለውም የሌለውም፣ ስማዳን የማያውቅ ሁሉ፣ ለከርሞው አስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ደጃችን ኑ። ለመሳፈሪያ አንዳች አንጠይቅም። ክብደታችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ፤ አያቴ ያለ እናንተ አይደርሱም።